ከሃዲ እንዴት እንደሚራመድ

ይድረስ ለታናሼ፣ ለቤታችን መጨረሻ፣ ለማሙሽ።

ማሙሽዬ፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህ፣ እንቅልፍህ፣ ሆድህ ሁሉም ደህና ነው? ያ ሲያሰቃይህ የነበረው ጥርስ ተነቀለልህ ወይስ ዛሬም በአንድ ጎንህ ነው የምታኝከው? እማዬን ጉልበቷ እንዴት አድርጓታል? ደረጃውን ያለ ምርኩዝ ትወጣለች? አባባስ ሳሉ ለቀቃቸው? ሳሉ እንኳ ቢለቃቸው እሳቸው ሳሉን የሚለቁት አይመስለኝም፤ በሳሉ ቁጥር ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ስለሚያያቸው ወደውታል። እህታችንና ልጆቿስ? ባሏ፣ አማቻችን፣ ወደ እናንተ ከተመለሰ ወዲህ ሰውነቱ መለስ አለለት? እኔ ደህና ነኝ። የካውያው ሙቀት እጄን እስከ ክርኔ ልጦት ነበር፣ አሁን ቆዳዬ ደንድኖ እሳት ቢነካኝም አልሰማም። የሚያመኝ ናፍቆታችሁ ብቻ ነው፤ እሱም ሥራ ሲበዛ ይረሳል።

ስልክ መደወል ሲቻል ደብዳቤ በሰው እጅ የላክሁልህ በምክንያት ነው። የእናንተ ስልክ ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሞ በድምፅ ማጉያ ነው የሚወራበት፤ እዚያ ቤት በስልክ የተነገረ ምስጢር ገበያ መሃል እንደተነገረ ቁጠረው። ስለዚህ በርህን ዝጋና ለብቻህ አንብብ። መጨረሻው ላይ ለቤተሰቡ ጮክ ብለህ የምታነበው ሰላምታ ጽፌልሃለሁ፤ የእነሱ ድርሻ እሱ ብቻ ነው። የቀረው ያንተ ነው።

ባለፈው ስንደዋወል፣ ከጓደኞችህ ጋር «ከሃዲው» የሚባለውን የስልክ ጨዋታ ስትጫወት ከሃዲነቱ በደረሰህ ቁጥር ወዲያው እንደሚይዙህ እያማረርክ ነገርከኝ። አንተ ጋሼ አንድ ቀን እንኳ ተይዘህ አታውቅም አሉ፣ እንዴት ነው የምትራመደው ብለህ ጠየቅከኝ። ያን ቀን ስቄ አለፍኩት፤ አማቻችን አጠገብህ ተቀምጦ ሻይ ፉት ሲል ይሰማኝ ነበርና። አሁን እነግርሃለሁ። ልብ ብለህ ስማኝ፣ ሁለተኛ አልደግመውም።

ጨዋታውን ታውቀዋለህ። መርከብ ናት፣ ብዙ ክፍል አላት፣ ሁሉም እየዞረ የታዘዘውን ሥራ ይሠራል። አንዱን ግን ስልኩ በምስጢር ከሃዲ ነህ ብሎታል፤ እሱ የሚሠራ መስሎ አንድ በአንድ ይገድላል። ሬሳ ሲገኝ ደወል ይደወላል፣ ተሰብስበው ይከራከራሉ፣ ድምፅ ሰጥተው አንዱን ባሕር ውስጥ ይወረውራሉ። አንተ የማታውቀው ይህ ጨዋታ እኛ ቤት ምን እንደሆነ ነው። እኛ ቤት ጨዋታው ዳኛ ነው።

የምንኖረው ላውንደሪው ላይ ነው፤ ማሽኖቹ ከታች፣ እኛ ከላይ። ሁለት ክፍል፣ ስድስት አልጋ፣ አንድ ምድጃ። ማሽኖቹ ሲዞሩ ወለሉ ስለሚንቀጠቀጥ ብርጭቆህን ካልያዝከው ጠረጴዛው ላይ በራሱ ይሄዳል። እኔ ካውያ ላይ ነኝ። አማቻችን አንሶላ አጣፊ ነበር። ሬዲዮ የምንለው ሰውዬ ማጠቢያው ላይ ነው፤ ተኝቶም ያወራል። ሾፌሩ የታጠበውን ለሆቴሎች ያደርሳል። ጠበቃው ደንበኛ ይቀበላል፤ ሕግ የሚባል ነገር አልተማረም፣ ግን ሸሚዜን ቀደዳችሁብኝ ብሎ የመጣን ሰው ተከራክሮ ተከራክሮ ይቅርታ አስብሎ ነው የሚሸኘው። ሽማግሌው ደግሞ የተቀደደ ይሰፋል፣ በመሃላችንም ቃሉ ይከበራል።

አንድ ጊዜ መታጠቢያ ቤቱን ማን ያጽዳ በሚል ሾፌሩና ጠበቃው በመጥበሻ ተፈላልገው ነበር። ሽማግሌው አስታረቃቸውና ከእንግዲህ ዱላ የለም፣ የተጣላ ይጫወት፣ በጨዋታው የተወረወረ ዕዳውን ይሸከም ብሎ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የመስኮት ዳሩ አልጋም፣ የጽዳት ተራውም፣ የተሰበረው ወንበርም በጨዋታ ተፈረደ። ፍርዱ ልክ ነው አይደለም የሚል የለም። ከመጥበሻ ይሻላል።

ታዲያ አለቃችን አንሶላ የሚያጥፍ ማሽን አስገባ። እኛ ሞኞቹ ቆመን አጨበጨብን። በማግስቱ ደረጃችንን ወጥቶ በሩ ላይ ቆመና ከእናንተ አንዱ ይበዛል አለን። ማን እንደሚበዛ መምረጥ ግን አልፈለገም፤ የሰው እርግማን ይፈራል። እርስ በርሳችሁ ተመካከሩና አንድ ስም አምጡልኝ፣ የሚወጣውም ከሥራውም ከአልጋውም ነው ብሎን ወረደ። 

ያን ጊዜ ደግሞ ያንተ ወደዚህ የመምጫ ወረቀት ተሠርቶ ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ዋስህ እኔ ነኝ። እኔ ከሥራ ከወጣሁ ዋስነቴ ፈረሰ፣ ዋስነቴ ከፈረሰ ያንተም መንገድ እዚያው ተዘጋ። ስንት ዘመን በር በር እያየህ እንደኖርክ አውቃለሁ። ስለዚህ ሌሎቹ አንድ አንገት ይዘው ሲገቡ እኔ ሁለት ይዤ ነው የገባሁት፤ ይህን ሳትረሳ ቀጥል።

በጨዋታው ይሁን ያለው ሬዲዮ ነው። ሽማግሌው ሕጉን ተናገረ። አንድ ዙር ብቻ፣ መጀመሪያ በድምፅ የተወረወረው ከሃዲ ሆነም አልሆነም ይወጣል፣ ልመናም ለቅሶም የለም። ሁሉም እሺ አለ። ሁሉም የሚወጣው ሌላው መስሎታል።

እንግዲህ አካሄዱን ስማ። አንተ የምትያዘው ገድለህ ስለምትሮጥ ነው። አትሩጥ። ይህን ያስተማረኝ የአንሶላ ጋሪ ነው። በሆቴል ኮሪደር ሙሉ ጋሪ የሚገፋን ሰው ወዴት ነህ የሚለው የለም፤ እንዲያውም በር ይይዙለታል። ባዶ እጁን የሚንጎራደደውን ግን ጥበቃው ሁለቴ ያየዋል። በመርከቧም ስትሄድ ጋሪ እንደምትገፋ ሆነህ ሂድ፣ የምትደርስበት ሥራ ይኑርህ። ሽቦ የምትቀጥል መስለህ ስትቆም ሽቦው የሚፈጀውን ያህል ብቻ ቁም። ጥግ ጥጉን አትውደድ፤ ድመት እንኳ ጥግ ለጥግ ስትሄድ ድስቱን ነው የምንከድነው። መሃል ኮሪደር ላይ ሁን፣ ይዩህ፣ ደግመው ይዩህ፣ ይሰልቹህ። የሰለቹትን ሰው ማንም አይከሰውም። ከገደልክ በኋላ ደግሞ ከሬሳው ርቀህ ባዶ ክፍል ውስጥ አትግባ፣ ሰው ወዳለበት ተመለስ። ስብሰባ ላይ ቀድመህ አትናገር። የመጀመሪያው ከሳሽ ሁልጊዜ ይሸታል።

ከሁሉም በላይ ግን ብቻህን አትሂድ። ምስክር ይዘህ ዙር። ምስክርህ ብልጥ እንዳይሆን፤ ብልጥ ሰው ያየውን ይቆጥራል። ጨዋ ይሁን። ጨዋ ሰው የሚወድህ ከሆነ ያላየውን ራሱ ሞልቶ ይመሰክርልሃል።

ጨዋታው በእረፍት ቀናችን ከምሳ በኋላ ነበር። ማሽኖቹ ስለቆሙ ቤቱ ጭር ብሏል፣ የኮረንቲው ምጣድ ላይ የተረሳ ውሃ ብቻ ይንተከተካል። እያንዳንዳችን አልጋችን ላይ ወጥተን ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጠን፣ አንዱ የአንዱን ስልክ እንዳያይ። የኔ ስልክ ከሃዲ ነህ አለኝ። ስልኩን ወደ ደረቴ አስጠጋሁት። ወዲያው ደግሞ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ፣ ደስ አለኝ። እንደ ሌሎቹ ብሆን ኖሮ ዕድሌ በሰው አፍ ላይ ነበር፤ አሁን እጄ ገባ።

አማቻችን ጨዋታው እንደተጀመረ እኔ ወዳለሁበት መጣ። ልማዱ ነው። በሥራ አጠገቤ፣ ማዕድ ላይ አጠገቤ፣ በመርከቧም አጠገቤ። የሚስቴ ወንድም ካለ ምን እሆናለሁ ባይ ነው። እሱን መግደል እችል ነበር፣ ግን ጨዋታው ላይ የሞተ ሰው አልጋውን አያጣም፤ የሚያጣው የተወረወረ ነው። ስለዚህ በሕይወት ያስፈልገኝ ነበር። ሁለታችን ሞተር ክፍል ገባን። እሱ ነዳጅ መቅዳት ጀመረ፣ እኔ ጎኑ ቆምኩ። እንደምታውቀው ከሃዲው ካለበት ሆኖ የመርከቧን መብራት ማጥፋት ይችላል። አጠፋሁት። ሲጨልም ማንም ከአፍንጫው በላይ አያይም። ለከሃዲ ብቻ በሚከፈተው ቱቦ ሾልኬ ከጎናችን ካለው መጋዘን ወጣሁ፣ ሬዲዮ እዚያ ሳጥን ይቆጥራል፣ ጨረስኩት። በዚያው ቱቦ ተመለስኩ። ሾፌሩ ሮጦ መብራቱን ሲያበራ አማቻችን እዚያው ነዳጁን እየቀዳ ነው፣ እኔም እዚያው ጎኑ ነኝ። አልጠረጠረም። ምን ሊጠረጥር፣ ከትከሻው ዞር ብሎ እንኳ አላየም።

ሬሳውን ሽማግሌው አግኝቶ ደወለ። ስልኮቻችንን ጭናችን ላይ አስቀምጠን መከራከር ጀመርን። ሬዲዮ ሞቷልና አይናገርም፣ ያ ቤት እሱ ነቅቶ እያለ ዝም ሲል የመጀመሪያው ቀን ነው። ጠበቃው ወደኔ ዞረ። ከሞተር ክፍል እስከ መጋዘኑ አንድ እርምጃ ነው፣ አንተን ደግሞ እዚያ አካባቢ አይቼሃለሁ አለኝ። ማሙሽ፣ በዚያች ሰዓት ያንተም የኔም ነገር በአንድ ክር ተንጠልጥሎ ነበር። አፌን ሳልከፍት አማቻችን አልጋው ላይ ተንበረከከና በሚስቴ፣ በልጆቼ፣ ጋሼ ከጎኔ አልተለየም፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አብረን ነበርን አለ። ሲምል ፊቱ ቀላ። ሁሉም አመነው፤ እሱ ውሸት የማያውቅ ሰው መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያ ላይ ተመስገን ብሎ ይተነፍስ ነበር። እኔ ግን አሰብኩ። እኔ ነጻ ከወጣሁ ክሱ ሾፌሩ ላይ ይዞራል፤ ሾፌሩ እሳት ነው፣ ሲከራከር አገር ይገለብጣል፣ ተገላብጦም እኔ ላይ ሊያርፍ ይችላል። የማይከራከር ሰው ያስፈልገኝ ነበር። እሱም ፊት ለፊቴ ተንበርክኳል።  አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ ልቡ እንደተሰበረ ሰው ቀስ ብዬ፣ ወንድሜ፣ ልትረዳኝ ብለህ ነው፣ ግን ለምን ትዋሻለህ አልኩት። መብራቱ ሲጠፋ አጥቼሃለሁ፣ ሲበራ በመጋዘኑ በር በኩል ስትመለስ ነው ያየሁህ አልኩ። የእህቴ ባል ነው፣ ይህን መናገር ሞቴ ነው፣ ግን ፍርድ ነውና እውነቱን ልናገር አልኩ።

ምን እንደሆነ ይገባሃል? የመሰከረልኝ ምስክርነት በራሱ ላይ ዞረ። አብረን ነበርን ያለው እኔን ለማዳን ሳይሆን ራሱን ለማስመስከር ነው ብሎ ጠበቃው ያዘበት፣ ሾፌሩ ጠረጴዛ መታ፣ ሽማግሌው በልጆችህ ትምላለህ እንዴ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ እንዲህ ቀላል ነው። አማቻችን አልተቆጣም። ግራ ገብቶት የስልኩን መስታወት በአውራ ጣቱ ይወለውላል፣ የት እንደቆመ ሊያስታውስ ይሞክራል። በመጨረሻ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጨለማ ነበር፣ ጋሼ እንዲህ ካለ እሱ ያውቃል አለ። በራሱ አፍ ዘጋው። ሁላችንም እሱ ላይ ድምፅ ሰጠን። እሱ ማንም ላይ አልሰጠም።

ስልኮቻችን ሁሉ እኩል፣ የተወረወረው ሰው ከሃዲ አልነበረም አሉን።

እዚህ ላይ ፈርቼ ነበር፣ አልዋሽህም። አሁን አንዱ ቀና ብሎ ታዲያ ማነው ቢል አለቀልኝ። ማንም አላለም። እያንዳንዱ የራሱን አልጋ በእጁ ዳሰስ ዳሰስ እያደረገ ነበር። ሽማግሌው ቃል ቃል ነው ብሎ መነጽሩን ማጽዳት ጀመረ። ሬዲዮ ማን እንደገደለው አይቷል፣ በጨዋታው ሟች ገዳዩን ያያልና። ያ አፉ የማያርፍ ሰውዬ ውሃ ሊጠጣ ተነስቶ አጠገቤ ሲደርስ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አለኝና አለፈ። ሌላ ምንም አልወጣውም። እሱስ አልጋው ተርፎለት የለ፣ ምን ቤት ነኝ ብሎ ይናገራል!

ሳምንቱ ሲያልቅ አማቻችን ሻንጣውን አሰረ። እኔ ነኝ ያሰርኩለት ብል ይሻላል፤ ዚፑ አልዘጋ ብሎት በጉልበቴ ተጫንኩለት። ብርድ ልብሱን ግን አውጥቶ አጣጠፈና፣ ማሙሽ ሲመጣ ብርዱን አይችለውም፣ ለእሱ ይሁን ብሎ አልጋው ላይ ተወው። ደረጃው ላይ ሲደርስ ዞሮ እጄን ያዘ። ጋሼ፣ በጨለማው ተለይተኸኝ ኖሮ ሳላይ ማልኩ፣ በሰው ፊት አሳፈርኩህ፣ ይቅር በለኝ አለኝ። እኔም ተወው፣ አታንሳው አልኩት። ምን እንድለው ትፈልግ ነበር? ወደ ሥራዬ ወረድኩ። ማሽኑ አንሶላውን ሲያጥፍ እሱ ከሚያጥፈው ይልቅ ጥጉን አስተካክሎ ነው የሚያጥፈው።

አሁን እዚህ ደርሰህ ደምህ ፈልቷል፣ አውቅሃለሁ። ተነስተህ ወደ እህታችን ክፍል ልትሄድ ነው። ተቀመጥ። እህታችን ባሏ ዕድል የጎደለው ሰው ነው ብላ እያለቀሰች ነው፤ ብትነግራት ወንድሟ ነው ብላ ታለቅሳለች። የትኛው ይከብዳታል? ደግሞም ወረቀትህ አልቋል፣ ዋስህም ዛሬም እኔ ነኝ። እዚያ ቤት ይህች ነገር ከአፍህ ከወጣች ዋስነቴን በማግስቱ እስበዋለሁ፣ አንተም ጥርስህን እየነከስክ እዚያው ከአባባ ሳል ጋር ታረጃለህ። ቀልድ እንዳይመስልህ። የእህቴን ባል ያልማርኩ አንተን እምርሃለሁ ብለህ ታስባለህ? ከጎናችን ያለው ጎማ ቤት ሊቀጥርህ ተስማምቷል፣ አለቃችንም ባዶውን አልጋ ፈቅዶልሃል። አልጋው የማን እንደነበረ ታውቃለህ።

ስለዚህ እስክትነሳ ድረስ እንዴት እንደምትራመድ ልንገርህ። ከአማቻችን አትሽሽ፣ አብረኸው ብላ። ድንገት ደግ አትሁንለት፤ ከወትሮው አንድ ጉርሻ ብታበዛለት እንኳ እህታችን ታያለች። ስለኔ ሲያወራ ወሬውን አትቀይር፣ አዎ በል። ያመሰግነኛል አሉ፣ እዚያ በነበርኩ ጊዜ ጋሼ ባይኖር ኖሮ ይላል አሉ፣ አንተም ራስህን ነቅንቅ። በመነሻህ ቀን ሻንጣህን እሸከማለሁ ብሎ ይነሳል፤ አትከልክለው፣ ይሸከም። መንገድ ላይ ስለዚህ ቤት ሊነግርህ፣ ምክር ሊሰጥህ ይሞክራል፤ እየሰማህ ሂድ። መኪናው ሲነሳ እጅህን አውለብልብ፣ እሱ ዞሮ ወደ ቤት እስኪሄድ ድረስ አታቋርጥ። ይህን ከቻልክ ከዚያ በኋላ የትም መርከብ ላይ የሚይዝህ የለም። አሁን ሁለት ሆነናል፣ ማሙሽ። ካነበብከው በኋላ አቃጥለው።

ከዚህ በታች ያለውን ሁሉም በተሰበሰቡበት ጮክ ብለህ አንብብላቸው፣ ድምፅህ እንዳይንቀጠቀጥ አድርገህ።

እማዬ፣ ጉልበትሽን እስማለሁ፤ ማሙሽን እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቅልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ አታስቢ። አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ፤ ለሳልዎ የሚሆን መድኃኒት ማሙሽ ከዚህ እንደደረሰ እንልካለን፣ እስከዚያው ምርቃትዎ አይለየን። እህቴ፣ ስታለቅሺ ድምፅሽን ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ፤ ባልሽ የወርቅ ሰው ነው፣ ዕድል ብቻ ነው ያልቀናው፣ አይዞሽ፣ እኔ ወንድምሽ እያለሁ አትወድቂም። ልጆቹን ሁለት ጉንጫቸውን ሳሚልኝ፣ አጎታችሁ ያስባችኋል በያቸው። አንተም ወንድሜ፣ የእህቴ ባለቤት፣ ብርድ ልብስህ ለማሙሽ ንጹሕ ሆኖ ታጥቦ ተቀምጧል። ያን ቀን ደረጃው ላይ ይቅር በለኝ ስትለኝ ተወው ብቻ ብዬህ ወርጄ ነበር፣ ሲቆጨኝ ኖሯል። ይኸው አሁን በእናትና አባቴ ፊት ልንገርህ፤ ሰው ነህ፣ ጨለማ ነበር፣ ሁላችንም እንሳሳታለን። ይቅር ብዬሃለሁ።

የሁላችሁም ናፋቂ፣ ልጃችሁና ወንድማችሁ።

ከላውንደሪው ፎቅ፣ ኅዳር 12 ቀን።